ወፍ ዋሻ ያደርን ለት

"ብርድ ልብስ አይያዝም" አለ ወንድይፍራው፤
ብርድ ልብስ መቁጠር ነው ደብረ ብርሃን ሥራው።
ዐሥራ ሰባት ዓመት በመጋዘን ቆሞ
ሲያስገባ ሲያስወጣ፣ ሲመዘግብ ከርሞ፣
ዛሬ "ጫካ እንደር" ብሎ ተነሣሣ፣
ጭኖ መጥረቢያውን፣ ሸራውን፣ ከጣሳ።

ብረትም አለችው፣ ዝናብ የማትፈራ፣
ክብሪትን የናቀች፣ ባንገቱ ያሠራ፤
"ብልጭ ትላለች" አለን፣ "ቢዘንብም ቢያካፋ"፤
በሳሎናችን ውስጥ ሦስት ቀን ሲለፋ
ምንጣፉን በሳሳው፤ ስንቱ ብልጭታ ጠፋ።

ሚኒባሱ ጣለን ጣርማ በር አፋፍ ላይ፤
ጉሙ እንደ ባዘቶ፣ ምድር የለ ሰማይ።
ኢዮስያስ ሰባት ነው፤ ጥያቄው አያልቅም፦
"ጅብስ እዚያ ጫካ ቁርበት አይጠይቅም?"
ጥበቃው ጋሽ አጥናፉ፣ ካፖርት የደረበ፣
የፈቃዱን ወረቀት ገልብጦ አነበበ፤
"የወደቀ ልቀሙ፣ የቆመ አይነካ፤
ከእናንተ ነው እንጂ የምጠብቀው ጫካ፣
እናንተን አይደለም" ብሎ ገላመጠ፤
ባሌ መጥረቢያውን ከጀርባው ሸጎጠ።

ሸራው ተወጠረ ከጥድ እስከ ጥዱ፤
አራት ዓይነት ቋጠሮ፤ ሦስቱ ግን ከዱ።
አራተኛው የኔ ነው፣ ልብስ የማሰጣበት፣
ማንም በቪዲዮ ስም ያላወጣለት።

ደግሞ እሳት ተባለ። ጉሙ ወርዶ ወርዶ
እንጨቱን አራሰው፤ እጃችን በረዶ።
ወንድይፍራው ብረቱን ሞረደ፣ ሞረደ፤
ብልጭ — ጠፋ። ብልጭ — ነፋስ ይዞት ሄደ።
አንድ ሰዓት አለፈ። ዝምታው ከረረ፤
ኢዮስያስ እንኳ ጥያቄ ቋጠረ።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት፣ ተንበርክኮ ሳለ፦
ይህ ሰው የሌላ ሰው ሙቀት ሲቆጥር ዋለ።
ዐሥራ ሰባት ዓመት፣ ተረከብ፣ አስረክብ፤
አንዲት ፍም የለችም
በስሙ የምትመዘገብ።

ማኅደር ተነሥታ፣ ከወደቀ ግንድ
ልጥ ልጣ መጣች፣ የደረቀ፣ የጥድ፤
በብብቷ አሙቃ፣ በመዳፏ አሸችው፣
እንደ ወፍ ጎጆ አርጋ ከፊቱ አኖረችው።
ምንም አልተናገረች። እሱም አላያት፤
ብረቱን ሞረደ፤
ብልጭ አለች፤
ጎጆው በላት።

እፍ… እፍ… ጉድፍ እንደገባው የሕፃን ዓይን ሲነፋ
ጭሱ መንገድ አገኘ፤ ነበልባሉ ተፋፋ።
እንዴት እንደጮኸ! ጉሬዛ ደነገጠ፣
ከዝግባው ወደ ኮሶው ዘሎ አመለጠ።

ድንቹ አመድ ቀምሶ፣ ሻዩ ጢስ ጢስ ብሎ
በላን። እሱ ደግሞ ስባሪ ወይራ ፈልፍሎ
"ማንኪያ ነው" አለን፤ እኛ ግን አላመንን፣
"ጆሮ ነው"፣ "ጀልባ ነው" እየተባባልን።

እኩለ ሌሊት ላይ ብርዱ መጣ፣ ገባ፤
አጥንት በአጥንት ቆጠረን እንደ መጋዘን ሌባ።
ጅብ ጮኸ ከሩቁ። ወንድይፍራው ተጠጋ፤
"ብርዱ ነው" አለኝ። "ብርዱ ነው" አልኩ፣ እኔም ሳልወጋ።

ከድስቱ ሥር ደብቄ፣ ከሻንጣው ግርጌ
ያመጣሁትን አንዱን ብርድ ልብስ ፈልጌ
አራታችንን አለበስኩ። ቃል አልወጣውም።
በጨለማ ጠርዙን ዳሰሰ፤ ብዙም ሳይቆይም
"የኛ ነው" አለ፣ "የጥቅምት ምርት ነው።"
ትንሽ ዝም ብሎ ደግሞ፦
"ወጪውን ማን ፈረመው?"

ሲነጋ አመዱን በውሃ አርሰን፣ በአፈር ሸፈንን፤
ጋሽ አጥናፉ በእጁ ዳሰሰው መሬቱን።
"ማነው ያነደደው?" አለ፣ እንደ ዳኛ።
"እሷ" አለ አባቷ። "እሱ" አለች፣ እኩል፤ ሳቅን እኛ።

ማንኪያዋ እቤት አለች። ሾርባ ታፈሳለች፤
ጎን ለጎን ዘማ፣ ቆማ አታውቅም፣ ትወድቃለች።
በጨው ዕቃ ውስጥ ግን ልኳን ታውቃለች፦
አንዴ ከጨለፏት
ለአራት ሰው ወጥ ትበቃለች።